ወደ ግራ የተጠነጠነ

በስልሳ አራት ዓመቷ ሆዷ ውስጥ የሚራገጥ ነገር የተሰማት ሴት ለማን ትናገር? ለጎረቤት ብትነግር መሳቂያ መሆን ነው፤ ለልጇ ብትነግር «እናቴ ጃጀች» መባል ነው። ሹራብ ሠሪዋ ያደረገችው አብዛኞቻችን የምናደርገውን ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሆዷም እንደ ቃሏ ይፈጃት ጀመር።

ነገሩ የጀመረው በቃር ነው። ምሳዋን፣ ያችኑ ሾርባና ቁራሽ ዳቦዋን፣ በልታ አፏን ሳትጠርግ ደረቷ ሥር ይለበልባታል። ቀጥሎ ግሳት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። ከዚያ ስቅታ ያዛት። ስቅ ያለው ሰው ውሃ ይጠጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ አልሆን ሲለው «ማን አነሳኝ?» ብሎ የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይጠራል፤ ያነሳው ሰው ሲጠራ ስቅታው ይቆማል ይባላል። እሷም ጠራች። መምህርቷን ልጇን ጠራች፣ አልቆመም። ከግድግዳው ማዶ ያለውን አዝራር ሻጭ ጠራች፣ አልቆመም። ክር አምጪውን፣ አከራይዋን፣ የጥንት ደንበኞቿን ሁሉ ጠርታ ስሟን ሊያነሳ የሚችል በሕይወት ያለ ሰው አለቀባት። ያኔ ሳታስበው «እቴቴ» አለች፤ ታላቅ እህቷን። ስቅታው ቀጥ አለ።

እቴቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል።

ሁለቱ እህትማማቾች አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሱቅ ውስጥ ሹራብ ሠርተዋል። የፊተኛው ክፍል ክር በየቀለሙ የተደረደረበት መደርደሪያና አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለው። ከአዝራር ሻጩ ሱቅ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ጣውላው ላይ የመጽሐፍ ስፋት ያላት መስኮት ተቆርጣለች፤ ሰውየው ጨዋታ ሲያምረው ጭንቅላቱን የሚያስገባባት። የኋለኛው ክፍል ከአንድ ሶፋና ከአንድ ወንበር ሌላ አያስገባም። በሩ ሲከፈት ሶፋው በመስኮቷ በኩል ይታያል፤ ወንበሩ ግን ከበሩ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። በወንበሩ መደገፊያ ላይ ግራጫ የሱፍ ክር ተንጠልጥሏል። ግማሹ ተጠንጥኖ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል፣ ግማሹ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። እቴቴ የተወችው ነው፤ ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም።

እቴቴ ስታጠነጥን ክሩን በቀኟ ይዛ ጥንጥኑን በግራዋ ታሽከረክራለች፤ ክሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ታናሽየዋ ግራኝ ናት፤ ሁሉ ነገሯ የተገላቢጦሽ ነው፤ የእሷ ክር ወደ ግራ ይዞራል። ለሌላ ሰው ጥንጥን ጥንጥን ነው። እነሱ ግን በጨለማ ዳብሰው «ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ የኔ» ይባባሉ ነበር።

የተጣሉት በክር ነው። በመጨረሻው ዓመት እቴቴ ዓይኗ ደከመ። የሠራችው ሹራብ አንዱ እጅጌ ረዝሞ አንዱ ያጥር ጀመር። ታናሽየዋ ይህን መናገር አልቻለችም። አፍ አውጥታ «እቴቴ፣ ዓይንሽ ደክሟል» ማለት ሲገባት፣ እቴቴ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ሥራዋን እየተረተረች እንደገና ትሠራው ነበር። ደግነት መስሏት ነው። አንድ ቀን እቴቴ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ ተመልሳ ደረሰችባት። የገዛ ሹራቧ እህቷ ጉልበት ላይ እየተተረተረ ነበር።

«ስንቱን ተረተርሽብኝ?» አለች እቴቴ።

እቴቴ የጀመረችውን ግራጫ ጥንጥን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ ከእንቅልፏ ሳትነሳ ቀረች። ታናሽየዋ ይቅርታ ለመጠየቅ ቅዳሜን ትጠብቅ ነበር፤ እቴቴ የሞተችው ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጇ ክር፣ በሆዷ ይህንን ነገር ስታጠነጥን ትውላለች።

ከአራት ወር በፊት ደግሞ ልቧ ዘግይቶ መምታት አመጣ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሆስፒታል ገባች፤ ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሳጥን ተቀበረላት። ሐኪሞቹ ፔስሜከር ይሏታል።

«ልብዎ መምታት ሲረሳ ሳጥኗ ታስታውሰዋለች» አለቻት ሐኪሟ። «መልእክቱ የሚሄደው በዚህች ሽቦ ነው፤ እንደ ክር ቀጭን ናት፣ ጫፏ ልብዎ ውስጥ ገብቷል። ብቻ አይነካኳት፣ እማማ።»

«ክር ከሆነችማ ዘመዴ ናት» አለች ሹራብ ሠሪዋ። ደግሞ ማን ይነካካታል?

አዝራር ሻጩ ሱቋን በከፈተችበት ቀን ጭንቅላቱን በመስኮቷ አስገብቶ፣ «እትዬ፣ ባትሪዎ ስንት ጊዜ ይቆያል አሉ?» አላት።

«አሥር ዓመት።»

«ወይ ጉድ! የኔ ስልክ እስከ ምሳ አይደርስም። ከየት እንደገዙት ይጠይቁልኝ።»

ይኸው ሰው ነው ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ተኝተውም ሥራ አይፈቱም፤ ትናንት በመስኮቷ ባይ ጣትዎ ይሽከረከራል» ያላት። «ያንተ ምላስ ተኝቶ ከሚሠራ የኔ ጣት ቢሠራ ይሻላል» ብላ መለሰችለት። ሲሄድ ፈገግ አለች፤ አርባ ዓመት የሠራ እጅ ባለቤቱን መጠበቅ እንደሌለበት ታምን ነበርና ነገሩን ለሙገሳ ቆጠረችው።

ስቅታው ከቆመ በኋላ ርግጫው መጣ። ከግራ ጎድኗ ሥር፣ ሆዷ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመታል። ልጅ የወለደች ሴት ናትና ርግጫን ታውቀዋለች። ቃሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ ራስ ማዞሩን ስትደምረው ነገሩ ያው ነበር፤ ዕድሜዋ ባይከለክል ኖሮ ማንም ሴት ምን እንደሆነ ትነግራት ነበር። ግን የልጅ ርግጫ ይደክማል፣ ያርፋል፣ ልጅ ይተኛል። ይህ አይተኛም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ በያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ርግጫ። ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል፤ ሲመለስ ያው ነው። መርፌዎቿን አንስታ ስትሠራ እጇ ሳታዘው በርግጫው ልክ ይሄድ ጀመር፤ አንድ ርግጫ፣ አንድ ጥልፍ። ደንግጣ መርፌዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በዚያው ሰሞን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ስትነቃ ደረቷ ላይ፣ ሳጥኗ ያለችበት ቦታ፣ ቆዳዋ ይሞቃት ጀመር። ሙቀቱ የሰው እጅ ሙቀት ነው፤ አሁን የተነሳ እጅ። መስተዋት ፊት ቆማ የቀሚሷን አንገት ገለጥ አደረገች። የጣት ምልክት ነበር። አራቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላ ወገን። አለካክታ አየችው፤ የቀኝ እጅ ነው።

እሷ ደግሞ ግራኝ ናት።

በማግስቱ የሱቁን በር ከውስጥ ቆልፋ ተኛች። ስትነቃ ምልክቱ አለ። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ከነግራጫው ክር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ምልክቱ አለ። በአራተኛው ቀን ከመተኛቷ በፊት ወደ ወንበሩ ሳታይ፣ «እቴቴ፣ አንቺ ነሽ?» አለች። ድምጿ ለራሷም አልጣማትም። ሆዷ ብቻ መምታቱን ቀጠለ። ፈራች። እህቷ ልትወስዳት እንደመጣች ገባት፤ ቢሆንም ላለመሄድ የምታቀርበው ምክንያት አልነበራትም።

ለሰፈሩ ክሊኒክ የነገረችው ቃሩንና ማቅለሽለሹን ብቻ ነው። «ጨጓራ ነው» ተባለች። ዛሬ ጨጓራ የሌለበት ማን አለና? ኪኒን ሰጧት፣ ቅባት ተከለከለች፣ ወተት ታዘዘላት። ጨጓራዋ ታዛዥ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ይድን ነበር።

ልጇ ማታ ማታ ትደውላለች። «እማ፣ ዛሬስ?»

«ደህና ነኝ። ያችው ጨጓራዬ ናት።»

«ሱቁን ዝጊውና እኔ ጋ ነይ እልሻለሁ፣ እምቢ ትያለሽ።»

ይህቺን ቃል ነው የምትፈራው። ርግጫውንና ጣቶቹን ብትነግራት ሱቁ በዚያው ቀን ይዘጋል፤ እሷም የልጇ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራባት አሮጊት ትሆናለች። ስለዚህ «የኔ እናት፣ አታስቢ» እያለች ስልኩን ትዘጋለች።

ከዚያ ርግጫው ቦታውን ለቀቀ። አንድ ማክሰኞ ሆዷ ጸጥ አለ፤ ተመስገን ልትል ስትል ከፍ ብሎ ደረቷ ውስጥ ተሰማት። ሐሙስ ብብቷ ሥር ደረሰ። ያ ነገር እየወጣ ነው። ባንድ ወገን እየወጣ፣ በሌላ ወገን እሷን እያደከማት ነው፤ ስትነሳ ዓይኗ ጭልም ይላል፣ ጆሮዋ ይጮኻል፣ ወለሉ ከእግሯ ሥር ይሸሻል። አርብ ከሰዓት ሰማያዊ ክር ልታወርድ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም።

አዝራር ሻጩ የሰማው ጥንጥኖች ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ነው። በመስኮቷ ቢያይ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ቢጫው እስከ በሩ ተበታትኗል፣ እሷ መሃላቸው ተዘርራለች፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ዘሎ መጥቶ ፊቷ ላይ ውሃ ረጨ። ስትነቃ እያለቀሰ ነበር፤ ኋላ ግን «ላብ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ልጇ ትምህርት ቤቱን ጥላ መጣች፤ ታክሲ ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟን እስኪያገኙ የተቀበላቸው ወጣት ሐኪም ወረቀቷን አገላብጦ ጨጓራ የሚለውን አነበበ፤ ሌላ የሚሰማት ነገር እንዳለ ጠየቃት።

«የለም» አለች።

«እንግዲያው ጨጓራዎ ደምቶ ይሆናል ያዞረዎ። ነገ በባዶ ሆድዎ ይምጡና በመሣሪያ እናየዋለን።»

ነገ! ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ይህን የምንተርከው በሌላ መንገድ ነበር። ያዳናት ሻይ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ልጇ በወረቀት ኩባያ ሻይ ገዝታ ሰጠቻት፤ ግራኝ ናትና በግራዋ ተቀበለች። ክንዷ እሷ ሳታዘው ተነቃነቀ፤ ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ነቅነቅ አለ። እንደገና። በያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ጊዜ፤ አንድ ሰው ከትከሻዋ በክር አስሮ እንደሚጎትታት።

«እማ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

ሹራብ ሠሪዋ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ልትደብቅ ሞከረች። ልጇ ያዘቻት፤ ንቅናቄው በእጇ አልፎ ልጅቷም ተሰማት። እናትና ልጅ ተያዩ። ያን ጊዜ ሆዷ መያዝ አቃተው።

ሁሉንም ነገረቻት። ስቅታውን፣ ርግጫውን፣ ጣቶቹን፣ እየወጣ መሆኑን ነገረቻት። «እቴቴ ናት። ሹራቧን ስተረትር አገኘችኝ፣ ሳልታረቃት ሞተች። አሁን ደግሞ ልትወስደኝ ነው የመጣችው» አለች። ልጇ አልሳቀችም፤ ጃጀሽም አላለቻትም። ተነስታ የሐኪሟን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው፤ የሰማችውንም ሁሉ ዘረገፈችላት።

ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችና አጉልታ አየችው። ከዚያ ወንበሯን አዙራ፣ «እማማ፣ እጅዎ ሥራው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሹራብ።»

«ይኸው ሠርተውልኛል» አለች ሐኪሟ፤ ምስሉን አሳየቻት።

ጥቁሩ ላይ ሳጥኗ ነጭ ሆና ትታያለች። ልብ ውስጥ መሆን የነበረባት ሽቦ ልብ ውስጥ የለችም። ሳጥኗ ላይ ተጠንጥናለች፤ ዙር በዙር ላይ፣ ሥርዓት ይዛ፣ አንዱ ዙር ሌላውን ሳያልፍ።

«አንዳንድ ሕመምተኛ ሳያውቀው፣ ብዙ ጊዜ በእንቅልፉ፣ ሳጥኗን ከቆዳው ሥር ያዞራታል» አለች ሐኪሟ። «ስትዞር ሽቦዋን እየሳበች ከልብ ታወጣታለች። ሽቦዋ በመንገዷ የሆድና የደረት መለያውን ነርቭ ነካች፤ ስቅታውና ርግጫው ያ ነው፣ ማቅለሽለሹንም ያባባሰው እሱ ነው። ከፍ ስትል የክንድዎን ነርቭ ነካች። መልእክቱ ለልብዎ አልደረሰም፤ ስለዚህ ይወድቃሉ። ጨጓራዎ ላይ በሽታ አላይም። እስከ ነገ ቢቆዩ ኖሮ ግን ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም።»

«ጣቶቹ የቀኝ እጅ ናቸው» አለች ሹራብ ሠሪዋ። «እኔ ግራኝ ነኝ።»

«ክር ሲያጠነጥኑ ጥንጥኑን የሚያሽከረክሩት በየትኛው እጅዎ ነው?»

መልሱ ከአፏ ሳይወጣ ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ተንቀሳቀሰ። ክሩ በግራዋ፣ ጥንጥኑ በቀኟ። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው። ወደ ምስሉ ተጠጋች፤ ዙሩን በጣቷ የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ተከተለችው። ወደ ግራ ነበር።

ልጇ በደስታ አለቀሰች። «አየሽ እማ? ማንም አልነበረም! አንቺው ነሽ!»

«እኔው ነኝ» አለች እናት። ልትገላገል ሲገባት ሆድ ባሳት። ፍርሃቱ ሲሄድ ከፍርሃቱ ሥር የነበረው ተራቁቶ ቀረ። በዚያ ሁሉ ቀን እቴቴን ስትፈራ፣ ለካ እየጠበቀቻትም ነበር። «እንግዲያው እሷ አልመጣችም ማለት ነው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም።»

በዚያው ቀን አዲስ ሽቦ ተተከለላት። ሳጥኗንም ከሥጋዋ ጋር በክር ሰፍተው አሰሯት። «ከእንግዲህ ቢያጠነጥኑም አትዞርም» አለቻት ሐኪሟ። ልጇ ደግሞ ከመኝታዋ ሳትነሳ አስማለቻት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር የለም፣ የተሰማሽን ሁሉ ትነግሪኛለሽ አለቻት። ማለች።

ሁለት ወር አርፋ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ልጇ ፈቅዳ ሳይሆን ተሸንፋ ነው፤ ያውም አዝራር ሻጩን አደራ ብላ። ከምሳ በኋላ እናቴ ስትተኛ እጇን ጠብቅልኝ አለችው። ሰውየው አደራ ሲሰጡት ሹመት ይመስለዋል፤ በርጩማውን መስኮቷ ሥር አምጥቶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ቀን ሾርባዋን በልታ የኋላውን ክፍል በር ከፈተች። ሆዷ ጸጥ ያለ ነው፤ ቃር የለም፣ ግሳት የለም። ግድግዳውን ያየውን ወንበር መልሳ አዞረችው። ግራጫው ክር አቧራ ለብሶ እንደነበረው ነው፤ ግማሹ ጥንጥን፣ ግማሹ የተንጠለጠለ። ሁለት ዓመት ያልወጣላትን ቃል ያን ጊዜ አወጣችው። «እቴቴ፣ ልጎዳሽ ብዬ አይደለም። ዓይንሽ ደክሟል ማለት ከበደኝ። ይቅር በይኝ።» ከእንቅልፏ ስትነሳ የቀረውን ራሷ አጠንጥና ልትጨርሰው አሰበች፤ በሷ እጅ ወደ ግራ ቢዞርም እቴቴ ትታገሣታለች። ከዚያ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ተኛች።

ስትነቃ አዝራር ሻጩ በመስኮቷ ጭንቅላቱን አስገብቶ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ እጅዎ ጨዋ ሆነ! ዓይኔን አልነቀልኩም። ሆድዎ ላይ እንዳጣመሩት ነው የነቁት፤ አንዲት ጣት አልተነቃነቀችም። ለልጅዎ ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ» አለች። ተነስታ ከበሩ ጀርባ ዞረች።

የወንበሩ መደገፊያ ባዶ ነበር። መቀመጫው ላይ ግራጫው ጥንጥን ሞልቶ ተቀምጧል፤ የክሩ ጫፍ ሳይቀር ወደ ውስጥ ተወትፏል። አልነካችውም። ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ከዚያ በጣቷ ጫፍ፣ ጥንት በጨለማ እንደምታደርገው፣ ዙሩን ዳበሰችው።

ስልኳ ጠራ። «እማ፣ ዛሬስ ምን ተሰማሽ? ምለሻል እኮ።»

ጥንጥኑ ከጣቷ ሥር እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ወደ ቀኝ ይዞራል።

«ምንም፣ የኔ እናት» አለች። «ደህና ነኝ።» ይቺን አንዷን ሆድ ይፍጃት።